የሚያልፍና የሚያርፍ

በገላን፣ እንዶዴ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ወዲህ ማዶ፣ በምሽት ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ሦስት ነገሮች በተራ ሲደርሱበት ያያል። ባቡሩ በዱከም በኩል ብቅ ሲል አስቀድሞ የሚደርሰው የግንባሩ መብራት ነው። ቀጥሎ ጡሩምባው ይሰማል። በመጨረሻ መሬቱ ይርገበገብና ባቡሩ ራሱ ፉርጎዎቹን አስከትሎ ይመጣል። ባቡሩ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ መብራቱ ከዓይናችን ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ መቶ ሺህኛው ያህል ብቻ ነው። በዚያችው ቅጽበት የተነፋው ጡሩምባ ጆሯችን የሚደርሰው ከ9 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ባቡሩና በውስጡ ያለው ሰው ግን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢገሰግሱ እንኳ፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይቀራቸዋል።

ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሰው። ተፈጥሮ የደነገገችው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። በክረምት መብረቁን አይቶ ነጎድጓዱን እስኪሰማ ድረስ በጣቱ የሚቆጥር እረኛ ያውቀዋል፤ ሦስት ያህል ሲቆጥር መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ እንደወደቀ፣ ቁጥሩ ባጠረ መጠን ከብቶቹን ሰብስቦ መሸሽ እንዳለበት ከአባቱ ተምሯል።

የታሪካችን ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። በአዲስ አበባ ዙሪያ በቀለበት መልክ የተቀመጡትን ከተሞች፣ ገላንን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን፣ እንዲሁም ከገላን ጋር ድንበር የምትጋራውን አቃቂን ብንመለከት፣ ከሩቅ ዓለም የሚመጣውም ወደ ሩቅ ዓለም የሚሄደውም ሁሉ በእነርሱ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። በመጀመሪያ ሰው በሀዲድ አለፈ። ቀጥሎ ድምፅ ያለ ሽቦ አለፈ። በመጨረሻ፣ በእኛ ዘመን፣ የሰማይ ብርሃን በመነጽር ሊታደን ተራራው ላይ ወጣ። ሦስቱም በከተማይቱ ስም ተመዘገቡ። ጉዳዩን ግን ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከሥሩ ብንመረምረው፣ ሦስቱም ያረፉት ወይም የተነሡት በዳር ነው። ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልጠይቅ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ በላያቸው ሲያልፍ፣ ለእነዚህ ሥፍራዎች ያረፈላቸው ምንድር ነው?

* * *

ገላን የሚለው ስም ከከተማው ይቀድማል። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ነው፤ ከተማው ስሙን የወረሰው በምድሩ ላይ ከሰፈረው ሕዝብ ነው። ሀዲድ ወደዚህ ሜዳ ሳይደርስ በፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። ጉዞው አድካሚ ቢሆንም አንድ ጠባይ ነበረው፤ ነጋዴው በየምሽቱ ማደር ነበረበት። ባደረበት ሁሉ ለከብቱ ሣር፣ ለራሱ እንጀራ ይገዛል፤ ጨውና ጨርቅ ይሸጣል፤ ወሬ ያወራል፤ ወሬ ይሰማል። መንገዱ ረጅም ስለነበረ መንገደኛው እንግዳ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ ሀዲዱ በ1895 ድሬዳዋን የምትባለውን አዲስ ከተማ ቆርቁሮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጦትና በኃያላኑ መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለዓመታት ባለበት ቆመ። ሥራው እንደገና ተንቀሳቅሶ ሀዲዱ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) ነው። ምኒልክ ይህን ለማየት አልታደሉም፤ በ1906 ዓ.ም. አርፈዋል። ሀዲዱ አቃቂ ደርሶ ከተማይቱ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ ከሀዲድ ወርዶ በቅሎ የሚሳፈረው በዚህ ሜዳ ላይ ነበር። የዘመኑ ፍጥነት የሚያበቃበትና የጥንቱ እርምጃ የሚጀምርበት ወሰን እዚህ ነበር ማለት ነው።

ያ ባቡር በዛሬ ሚዛን ሲመዘን ቀርፋፋ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር የሆነውን መንገድ በሦስት ቀን ይፈጽም ነበር፤ ሲመሽ ይቆማልና አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ ያሳድራል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ከአውሮፓ የመጡት ልዑካንና ጋዜጠኞች ወደ መናገሻ ከተማው የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። የእንፋሎቱ ባቡር ውኃ ይጠጣ ነበር፤ እንጨት ወይም ከሰል ይበላ ነበር። ስለዚህ ይቆማል። በቆመበት ሥፍራ ሁሉ ቡና ይፈላል፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎና ሙዝ የያዙ ሴቶችና ልጆች በመስኮቱ ሥር ይሰለፋሉ። ጣቢያ ያለበት መንደር ገበያ ይሆናል፤ ገበያ ያለበት መንደር ከተማ ይሆናል። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ከዚህ ሀዲድ ብዙ ተጠቅመዋል። አዲስ አበባም የፈረንሳይኛውን የባቡር ጣቢያ መጠሪያ በራሷ አንደበት ለውጣ «ለገሀር» አለች፤ ስሙ ጣቢያው ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳ ከሰፈሩ አልተለየም።

ይኸው ሀዲድ በክፉ ቀንም አገልግሏል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚህ መንገድ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች በያዙት ዘመን ሊቶሪና የተባለውን ፈጣን ባለ ሞተር ባቡር አመጡ፤ ጉዞው አጠረ፤ ስሙም በባቡር ሠራተኞች አንደበት ከእነርሱ መሄድ በኋላ ለረጅም ጊዜ ኖረ።

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ። የቀጠለው የፍጥነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚሁ በገላን አጠገብ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለአገልግሎት ተከፈተ። መንገዱ በአጥር የታጠረ ነው፤ ሻጭም ገዥም፣ ከብትም እረኛም አይገባበትም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚዘልቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። የአያቶቻችን የሦስት ቀን ጉዞ የአንድ ቀን ሆነ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ነገር ግን ፍጥነት ሲጨምር ማረፊያ ይቀንሳል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የፍጥነት ጠባይ ነው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የሚቆም ባቡር ፈጣን ሊሆን አይችልም። ኤሌክትሪክ ውኃ አይጠማውም፤ ስለዚህ ለውኃ ብሎ የሚቆምበት ወንዝ የለም። በአዲሱ መንገድ የመንገደኞች ዋና ጣቢያ በለቡ ነው፤ በገላን በኩል ያለው እንዶዴ የጭነት ጣቢያ ነው። በአሮጌው ዘመን ዕቃው አልፎ ሰው ያርፍ እንደነበር ሁሉ፣ ዛሬ ዕቃው አርፎ ሰው ያልፋል። ኮንቴይነሩ ከፉርጎ ይወርዳል፤ የጭነት መኪና ላይ ይጫናል፤ አቧራውን አስነሥቶ ይሄዳል።

* * *

ወደ ድምፅ እንሻገር። ሽቦን የተከተለ ድምፅ ወደ አገራችን የገባው ቀደም ብሎ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የስልክ መሥመር መዘርጋት የተጀመረው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ስልኩ በቤተ መንግሥት ሲሞከር ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደተቃወሙ፣ ንጉሡም እንዳልሰሟቸው ይነገራል። ሰው ሳይኖር ድምፁ መሰማቱ ያስደነገጣቸውን ሰዎች ዛሬ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ያነሡት ጥያቄ ከባድ ነበር። ድምፅ ከተናጋሪው ተለይቶ ሲሄድ ማን ይጠየቅበታል? ማንስ ይመልስለታል?

ሽቦ የሌለው ድምፅ የተነሣው ከአቃቂ ነው። የአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1931 ተጀምሮ በ1935 ተመረቀ። የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ጣቢያው በተመረቀበት ዓመት ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ ታከማች ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ስለ ጣሊያን ወረራ ለዓለም አቤት ያለችው ጣሊያኖች በሠሩላት መሣሪያ ነው።

የ1928 ዓ.ም. መባቻን እናስታውስ። በዚያ ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ማኅበር ስለ ሰላም ተማጽነው ተናገሩ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ንግግሩን በእንግሊዝኛ አሰሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ታላቁ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት አዋጅ ተነበበ። እነዚህ ሁለት ድምፆች በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ አገር የወጡ ናቸው። የነጋሪቱ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየሄደ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይከስማል። የሬዲዮው ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከጅማት ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውቅያኖስ ይሻገራል።

ውጤታቸው ግን እንደ ፍጥነታቸው አልነበረም። ነጋሪቱ በቀረበት ሥፍራ ሰው ተቀበለው፤ መልእክተኛው ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከደብር ወደ ደብር አዋጁን አደረሰው፤ የሰማውም ስንቁን ቋጥሮ፣ ጋሻውን አንሥቶ ወጣ። የሬዲዮውን ድምፅ ዓለም ሰማው፤ ብዙዎችም አዘኑ፤ መንግሥታቱ ግን አልተነሡም። ድምፁ የማይመለስ ሲሆን ሰውየው ራሱ መሄድ ነበረበት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር አዳራሽ፣ በአካል ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ያ ፉጨት እርባና ያለው አንድ ነገር አረጋግጧል፤ በሩቅ የሚሰማን ድምፅ ችላ ማለት ይቻላል፤ በፊትህ የቆመን ሰው ግን ችላ ለማለት ቢያንስ መጮኽ ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ የድምፅ ታሪክ ከአቃቂ ወደ ሰበታ አቅጣጫ ይዞራል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ነበር፤ ማሰራጫዎቹ ግን ከከተማይቱ ወጥቶ በሰበታ አቅጣጫ በምትገኘው በገጃ ሜዳ ላይ ተተከሉ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ለሚገኙ አድማጮች ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች ያሰሙ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰውና ስሙን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። ምሰሶዎቹ በነበሩበት ቆሙ፤ በእነርሱ የሚወጣው ቃል ተለወጠ።

የአጭር ሞገድን ጠባይ ላስረዳ፤ የጽሑፌ ዋና ሐሳብ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከማሰራጫው የሚወጣው ሞገድ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሄዶ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይደክማል። ሁለተኛው ወደ ሰማይ ይወጣና ከመሬት በላይ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን፣ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያዘለውን የአየር ንጣፍ መትቶ፣ እንደ ኳስ ነጥሮ፣ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይወርዳል። የአገራችን ሰው ሬዲዮ በሌሊት ጠርቶ ይሰማል የሚለው እውነቱን ነው፤ ሞገዱን በቀን የሚውጠው የታችኛው ንጣፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል። ታዲያ በሁለቱ መንገዶች መካከል፣ የመሬቱ ሞገድ በደከመበትና የሰማዩ ሞገድ ገና ባልወረደበት ሥፍራ፣ ድምፁ ጨርሶ የማይሰማበት ቀለበት አለ። ጣቢያው ለሕንድ እየተሰማ፣ በዚያ ቀለበት ውስጥ ላለ ገበሬ ሬዲዮው ዝም ይላል። ድምፁ አልጠፋም። በላዩ እያለፈ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ በከተማይቱ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሳስብ ያ ቀለበት ይታወሰኛል። በሬዲዮ ሕግ ሰበታ ለማሰራጫው ቅርብ ናትና ትሰማለች። በታሪክ ሕግ ግን ሁሉም በዝምታው ቀለበት ውስጥ ናቸው፤ ከመካከሉ ይርቃሉ፤ ሩቅ ለሆነው መዳረሻ ደግሞ ይቀርባሉ።

ሆኖም በሰበታ አንድ የማልዘነጋው ሥፍራ አለ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በዚያ ይገኛል። ብርሃን የተነፈጋቸው ልጆች ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው በጣታቸው ፊደል የቆጠሩበት፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው መምህራንና የሕግ ሰዎች የሆኑበት ቤት ነው። ለእነርሱ ዓለም በድምፅና በእጅ የምትደርስ ናት። ከዚያ አቅጣጫ ሞገዶች ወደ እስያ ሲወነጨፉ፣ በዚህኛው ቤት አንድ ልጅ በነጥብ የተጻፈውን ገጽ ቀስ እያለ ይዳስስ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ፈጣን ነው፤ ሌላው ዘገምተኛ። ያረፈው ግን የትኛው ነው?

* * *

የብርሃን ታሪክ ሁለት ምዕራፍ አለው፤ የምድር ብርሃንና የሰማይ ብርሃን።

የምድሩን ብርሃን የምናገኘው ከገላን ብዙም ሳንርቅ፣ በአባ ሳሙኤል ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ኢምንት ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ለከተማይቱ መብራት ትልቅ ነገር ነበር። ብርሃኑ በሽቦ ሽቅብ ወደ ከተማይቱ ሄደ። ቁልቁል የመጣው ምን ነበር? ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ኮረብቶች አጥበው የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ የከተማይቱን እድፍ፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የጎርፉን ደለል ይዘው የሚጠራቀሙት በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ግድቡ በደለልና በአረም ታፍኖ ለአሠርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖረ፤ በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ብርሃን ሽቅብ፣ እድፍ ቁልቁል፤ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ ይህን ልውውጥ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የሰማዩን ብርሃን ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ እንውጣ። ከተራራው ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ ሱሉልታ ትታያለች። በሱሉልታ በደርግ ዘመን የሳተላይት የምድር ጣቢያ ቆሞ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ልጁ በባሕር ማዶ የነበረ ሰው ያችን ግማሽ ሰከንድ ያስታውሳታል። «ደኅና ነህ ወይ ልጄ?» ተብሎ መልሱ እስኪመጣ ያለችው ዝምታ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ተናግረው ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዝም የሚሉባት ቅጽበት። ስንቱ ናፍቆት በሱሉልታ ሜዳ ላይ ወጥቶ ወረደ! ብርሃን እንኳ እጅግ ሲሮጥ የስደትን ርቀት ጨርሶ ሊያጠፋው አልቻለም።

በእንጦጦ ራስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የጠፈር ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ትእዛዝ የምትቀበለውም ከእንጦጦ ነበር፤ ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም፣ ከፍታዋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ወደ እነዚህ መስተዋቶች የሚመጣው ብርሃን የታሪክ ጸሐፊን የሚያስቀና ነው። ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው፣ ቦረናዎችም ወራቸውን ከሚቆጥሩባቸው ከዋክብት መካከል የሆኑት፣ ከእኛ 440 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ። ዛሬ ማታ ከዓይናችን የሚገባው ብርሃናቸው የተነሣው በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ብርሃኑ የተነሣው ሊያገኘው ወዳልተፈጠረ ዓይን ነው፤ ሳያቋርጥ መጥቶ ደረሰ።

ግን አንድ እንቅፋት ገጠመው። የአዲስ አበባ መብራት እየበዛ ሲሄድ የእንጦጦን ሰማይ አደበዘዘው፤ ተመራማሪዎቹም ለሚቀጥለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ከከተማ ርቆ በላሊበላ አካባቢ ተራራ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በድምፅ በኩል ሩቅ የሚሄደው ቅርቡን ይዘለዋል ብለናል። በብርሃን በኩል ደግሞ ቅርቡ ሩቁን ይጋርደዋል። ከ440 ዓመት ጉዞ በኋላ ያን ብርሃን ያሸነፈው የመንገድ ዳር አምፖል ነው።

* * *

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ ከተሞች የሰውን፣ የድምፅንና የብርሃንን መንገድ በጀርባቸው ተሸክመው ኖረዋል። ለመንገዱ፣ ለሀዲዱ፣ ለምሰሶው፣ ለፋብሪካው የሚሆነው መሬት የአንድ ገበሬ ማሳ ነበረ። ካሳ ተከፍሎ ማሳው ሲወሰድ ገንዘቡ ባንድ ዓመት ወይም በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ማሳው ግን በየዓመቱ ይታጨድ የነበረ ነው። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ላይ ለማቀድ የወጣው ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ታሰረ። እቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ። በ2015 ዓ.ም. ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ፖለቲከኞች ብዙ ብለዋል፤ ወደፊትም ይላሉ። እኔ የምለው አንዲት ነገር ብቻ ናት። ያ ሁሉ ጩኸት ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ የነበረ ነው። በአየር የሚሄድ ድምፅ እንኳ ቢሆን፣ ሳይከስም ቢዘልቅ፣ ከሰበታ ፒያሳ ለመድረስ ከሰባ ሰከንድ ያህል አይበልጥበትም ነበር። ለመሰማት ግን ዓመታት ፈጀበት፤ ሰው ሞተበት። ከገጃ ሕንድ የደረሰው ድምፅ ከገጃ መንደር አራት ኪሎ አልደረሰም።

ይህ የሆነው በፍጥነት ጉድለት አልነበረም። ፍጥነትማ ሞልቶን ነበር። የጎደለን ማረፊያ ነው። አባቶች «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ስለ ርቀት ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤት ማለት ቆሞ የሚሰማህ ነው። ሲራራ ነጋዴው የገላንን ሰው ወሬ የሰማው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ማደር ስለነበረበት ነው። የእንፋሎቱ ባቡር የቆመው ለእንቁላል ሻጯ አዝኖ አይደለም፤ ውኃ ጠምቶት ነው። ዛሬ ግድ የሚለን ጥማት የለም። ስለዚህ ማረፍ ከፈለግን ወደን፣ አስበን ማረፍ ይኖርብናል። ለባቡሩ ጣቢያ፣ ለወንዙ ማጣሪያ፣ ለገበሬው ልጅ በፋብሪካው በር ላይ ሥራ ማለት ሁሉ የማረፊያ ሌሎች ስሞች ናቸው።

ብርሃን መቆም አይችልም፤ ከቆመ ብርሃንነቱ ይቀራል። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ የቆመ ድምፅ ዝምታ ነው። ከሦስቱ መካከል ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው በመጨረሻ የሚደርሰው፣ ሰው ብቻ ነው።

በገላን ሜዳ ባቡሩ አለፈ። አስቀድሞ መብራቱ ጠፋ፤ ቀጥሎ ጡሩምባው ራቀ፤ መሬቱም ጸጥ አለ። ከሀዲዱ ማዶ ባለች አንዲት ቤት ውስጥ የኩራዝ ያህል የምታንስ ብርሃን ትታያለች። የምትርቀው አምስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ብርሃኗ ደርሶኛል። አሁን የሚቀረው እኔ መሄዴ ነው።